ፊት የሌላት ብልህ ሴት

«እማ፣ ብልሆቹ ዘይታቸውን ለምን አላካፈሉም?»

ልጄ ይህን ስትጠይቀኝ እጇ እስከ ክርኗ ድረስ በጥቁር ቀለም ተለውሶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያ እጅ የፍሪጁን በር እንዳይነካ በሰውነቴ እየተከላከልኩ ነበር። ስለ የትኞቹ ብልሆች እንደምታወራ ገብቶኛል። አሥር ልጃገረዶች መብራት ይዘው ሙሽራውን ሊቀበሉ ወጡ፤ አምስቱ ብልሆች ትርፍ ዘይት ይዘዋል፣ አምስቱ ሰነፎች አልያዙም። ሙሽራው ዘገየ። የሰነፎቹ መብራት ሊጠፋ ሲል ብልሆቹ «ሂዱና ከሻጭ ግዙ» አሏቸው፤ ገዝተው እስኪመለሱ በሩ ተዘጋባቸው። ይህን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ የምሰማው ግን ሁልጊዜ ከበሩ ወዲህ፣ ከውስጥ ሆኜ ነው። ከብልሆቹ ወገን መሆኔን ተጠራጥሬ አላውቅም። ለምን እንዳላካፈሉ ደግሞ አስቤውም አላውቅ።

«መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ» አልኳት።

መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ሲመጣ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው። ልጄ በልጅነቷ ጥያቄ ታበዛ ስለነበር በሰፈሩ እንደሷ ንጹሕ እጅ ያለው ልጅ አልነበረም።

ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ለማወቅ ቦርሳዬን መክፈት ይበቃል። ሻማ፣ ክብሪት፣ መርፌና ክር፣ የቁስል ፕላስተር፣ ትርፍ ካልሲ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ደረቅ ዳቦ፣ ለዝናብ ጃንጥላ፣ ጃንጥላው ቢሰበር ደግሞ ሌላ ጃንጥላ። ስልኬ እንዳይዘጋብኝ ተንቀሳቃሽ ባትሪ እይዛለሁ፣ ባትሪው ቢያልቅ ብዬ ሌላ እጨምራለሁ። የሚደውልልኝ ሰው ግን ልጄ ብቻ ናት፤ እሷም የምትደውለው «እማ፣ ደህና ነኝ» ለማለት ነው። በሰፈሩ ስሜ «ድንገተኛ ክፍል» ነው። አባቷ አንድ ጠዋት እንደ ወትሮው ለሥራ ወጥቶ በአምቡላንስ ተመለሰ፣ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ከቤቴ የሚወጣ ሰው ሳልፈትሸው አይወጣም። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ እንኳ «ሹራብ ሳትለብስ ነው የወጣኸው?» ብዬ አሳፍሬዋለሁ።

ፊደል መማር የጀመርኩትም በዚሁ ጠባዬ ምክንያት ነው። ማንበብ ስለማልችል ልጄ ጠዋት ስትወጣ በሩ ላይ ሥዕል ለጥፋልኝ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ወረቀቱ ላይ ረዘም ያለ፣ ከላዩ ሰረዝ ሰረዝ ያለበት ነገር ተሥሏል። በጄሶ የታሰረ እግር መሰለኝ። ክው አልኩ። ወረቀቱን እንደያዝኩ ሆስፒታል ድረስ ሮጥኩና በረንዳው ላይ «የዚች እግር ባለቤት የት ተኝታለች?» ብዬ ጮህኩ። አንዲት ነርስ ወረቀቱን ተቀብላ ዘቅዝቃ አየችው፣ አቅንታም አየችው።

«እናቴ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ይኼ እኮ ዳቦ ነው። ዳቦ ግዢ ማለቷ ነው።»

በማግስቱ ለመሠረተ ትምህርት ተመዘገብኩ።

ትምህርቱ የሚሰጠው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ነው። አስተማሪያችን ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የፖስታ ጀርባ ብቻ ሲያነብ እንደኖረ፣ አሁን ከውስጡ ያለውን ማወቅ እንደሚፈልግ ይነግረናል። አብራኝ የምትቀመጠው የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ናት፤ እሷ ፊደል ከምትቆጥር ሰው ብትቆጥር ይሻላታል፣ ማን ከማን ጋር እንደሄደ አንድም አያመልጣት። የአዳራሹ ቁልፍ ያለው ደግሞ በሴቶች ማኅበር ሰብሳቢዋ እጅ ነው። እሷ ሳትፈቅድ እዚያ ግድግዳ ላይ ሚስማር እንኳ አይመታም።

ልጄ ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ከሥራ መልስ የኔ ኩሽና ማተሚያ ቤት ይሆናል። ከሚታደስ ቢሮ ወለል ላይ የተነሳ ወፍራም ላስቲክ ለምና ታመጣለች፣ በሹል መቅረጫ ሥዕል ትቀርጽበታለች፣ በሮሎ ቀለም ትቀባዋለች፣ ወረቀት ታለብሰውና የወረቀቱን ጀርባ በእንጨት ማንኪያ ታሸዋለች። ማንኪያው የኔ የሾርባ ማንኪያ ነው። ማሸቱም የኔ ድርሻ ነው፤ በላውንደሪ ቤት ሸሚዝ ስተኩስ ስለኖርኩ እጄ እኩል ይጫናል። መቅረጹን ግን ዓይቼው አላውቅም። ስለት ወደ ልጄ ጣት ሲጠጋ ማየት አልችልም። መቅረጫውን ስታነሳ ክፍሌ እገባና በሩን እዘጋለሁ። በየመሀሉ «ጣትሽ አለ?» እላለሁ፣ እሷም «ሁሉም አሉ» ትላለች። ይኼ በር መዝጋቴ በኋላ ጉድ ሠራኝ።

የምታትማቸው የወንጌል ምሳሌዎች ናቸው፤ ሰዎቹን ግን የዛሬ ልብስ ታለብሳቸዋለች። የጠፋው ልጅ አንድ ጎማው የወለቀ ሻንጣ እየጎተተ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አባቱ በቢጃማና በነጠላ ጫማ አስፋልቱን አቋርጦ ይሮጣል፤ ታላቅ ወንድሙ ደግሞ በረንዳ ላይ ቆሞ በስልኩ ይቀርጻቸዋል። ሌቦች ደብድበው መንገድ ላይ የጣሉትን ሰው የሚያነሳው የቆሻሻ መኪና ሹፌር ነው፤ ከጎኑ መስታወቱ የጠቆረ ረጅም መኪና ጭቃ እየረጨ ያልፋል። እነዚህን ሳይ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። በሌላ ሰው ሲሆን እንዴት ያስቃል!

ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ጠፍቶባት ቤቷን የምትጠርገው ሴትዮ መጣች። ልጄ የሠራቻት ሴትዮ የጠፋባት መነጽሯ ነው። ሶፋውን ገልብጣለች፣ ምንጣፉን አንስታለች፣ በባትሪ ከአልጋ ሥር ትፈልጋለች። መነጽሩ ግንባሯ ላይ ነው።

«ይቺን ሴትዮ የት ነው የማውቃት?» አልኩ።

«መስታወት ውስጥ» አለች ልጄ።

በዚያው ሰሞን ስልክ ተደወለላት። ሥዕሎቿን ያየ አንድ የሥዕል ማተሚያ ቤት በሌላ ከተማ ሥራ ሰጣት። ሩቅ ነው፤ አዳር መንገድ ነው። እውነተኛ መጭመቂያ ማሽን አላቸው፣ ማንኪያ አያስፈልግም። ስልኩን ዘግታ ኩሽና መጣችና በሩን ተደግፋ ቆመች።

«እማ፣ እስከ ሰኞ መልስ ስጪን ብለውኛል። አንቺ ሂጂ ካላልሽኝ አልሄድም።»

ሂጂ አላልኩም። አትሂጂም አላልኩም። «ሾርባው ቀዘቀዘ» አልኩ። በማግስቱም ስትጠይቀኝ ስለ ልብስ ማጠቢያው ቧንቧ አወራኋት። ለማንኛውም አደጋ የሚሆን ነገር ቦርሳዬ ውስጥ ሞልቶኛል፤ ያቺ አንዲት ቃል ግን ብፈልጋት ብፈልጋት የለችም።

ይልቅ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ልጄ እዚሁ ከተከበረች ለምን ትሄዳለች? ሥዕሎቿ በአዳራሹ ቢሰቀሉ፣ ሰው ቢያጨበጭብላት፣ ሰብሳቢዋ ጉንጯን ብትስማት፣ ያ ማሽን ምን ሊያደርግላት ነው? ፖስተኛውን ለመንኩት፣ ፖስተኛው ሰብሳቢዋን ለመናት። ሰብሳቢዋ «የወንጌል ምሳሌዎች ሥዕል» ሲሏት በጎችና ረጅም ቀሚስ የለበሱ ሰዎች መስለዋት እጇን ዘርግታ ፈቀደች። እኔም አላረምኳትም። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» ብዬ ወጣሁ።

የሥዕሎቹ መጨረሻ የአሥሩ ልጃገረዶች ነበር። በእሁዱ ዋዜማ ከሥራ ስገባ ላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ገና ቀለም አልነካውም። አጎንብሼ አየሁት። የሠርግ አዳራሽ በር ላይ ሴቶች ቆመዋል፤ መብራታቸው የእጅ ስልክ ነው። የሰነፎቹ ስልክ ተዘግቷል። ብልሆቹ ቦርሳቸው በባትሪና በሽቦ ተወጥሯል፤ በሁለት እጃቸው አቅፈውታል፣ ሰው በታጨቀበት አውቶቡስ ውስጥ እንደሚታቀፈው። አምስቱም ሁለት ሁለት ጃንጥላ ይዘዋል። የአምስቱም ፊት የኔ ነው።

ከሰነፎቹ አንዷ፣ ከፊት ቆማ እጇን የዘረጋችው፣ ልጄን ትመስላለች።

ከሥሩ ፊደል ተቀርጿል፤ ሁሉም ፊደል ፊቱን ወደ ኋላ አዙሯል። እኔ ስንት ለፍቼ የለየኋቸውን ፊደሎች እንዲህ ስታደርጋቸው በሌላ ቀን ቢሆን እቆጣ ነበር። «ወረቀቱ ላይ ሲገለበጡ ይቃናሉ» ብላኛለች ቀደም ሲል። ያን ቀን ፊደሉን ለማንበብ ልብ አልነበረኝም።

«እነዚህ ብልሆች ለምን እኔን መሰሉ?»

«ያለችኝ ሞዴል አንቺ ብቻ ነሻ» አለች ልጄ። «ደግሞ ብልህ መባል ምኑ ያስከፋል?»

«ነገ ይኼን ሰው ሊያየው ነው? የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ልታየው ነው?»

«ሁሉም ሰው ሊያየው ነው።»

«በእናትሽ ቀይሪው።»

«እናቴ አንቺው ነሽ እማ። ጊዜም የለም፤ ወረቀቱን መቁረጥ አለብኝ።»

«ቢያንስ አንዷን፣ ከፊት ያለችውን፣ ጨለማ ውስጥ አስገቢልኝ። አፍንጫዋን ከሩቅ ያውቁታል።»

ልጄ ትንሽ አየችኝ። ከዚያ መቅረጫውን በእጀታው በኩል አዙራ ሰጠችኝ። «ፊቱ ያንቺ ነው፤ የፈለግሽውን አድርጊው» አለችና ወረቀት ልትቆርጥ ወደ ሳሎን ሄደች።

በሕይወቴ ስለት ያልፈራሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እርሳስ ያረፈበት ቦታ ይጠቁራል፤ ስለትም ያረፈበት የሚጠቁር መሰለኝ። በአገጬ ጀመርኩ። አፍንጫዬ ጊዜ ወሰደ። ጉንጬን አጸዳሁ፣ ግንባሬ ላይ ወጣሁ፣ ዓይኖቼን ነቀልኳቸው። አንዲት ነጥብ ሳላስቀር ሙልጭ አድርጌ ፋቅኩና «አሁን ማንም አያየኝም» ብዬ ላቤን ጠረግኩ።

ቀለሙን ቀባችው፣ ወረቀቱን አለበስነው፣ በማንኪያዬ አሸሁት። ልጄ ወረቀቱን ከጥጉ ይዛ ቀስ እያለች ላጠችው።

ሁሉም ነገር ጥቁርና ግራጫ ነበር፤ በሩ፣ ሌሊቱ፣ ቀሚሶቹ። ከፊት የቆመችው ብልህ ሴትዮ ግን ፊቷ ነጭ ሆኖ እንደ አዲስ አምፖል ቦግ ብሏል። መንገድ ማዶ ያለ ሰው ሳይቀር ያያታል። ሥዕሉ ውስጥ ከእሷ ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

ልጄ አፏን በክንዷ ያዘች። አልቻለችም። ግድግዳውን ተደግፋ እየተንሸራተተች ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ሳቀች።

«እማ! የተፋቀው እኮ ቀለም አይዝም! የተፋቀው ነው የሚያበራው!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስቀርጽ በሩን ዘግተሽ የምትቀመጪው አንቺ!»

ሌላ ላስቲክ አልነበረም። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሥዕሉ እንዳለ ተሰቀለ።

የክፍላችን ተማሪዎች ቀድመው መጡ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ለሚያስነጥስ ሰው መሐረብ አድላለሁ። ፖስተኛው ክራቫት አድርጓል። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ቀጥ ብላ ወደ አሥሩ ልጃገረዶች ሄደች፤ ወደ ሌላው እንድትሄድ መንገድ ብዘጋባትም በብብቴ ሥር አለፈች።

«ውይ ድንገተኛ ክፍል! አንዷ ስትበዛብን አምስት ሆነሽ መጣሽ?»

«ሞዴል ጠፍቶ ነው» አልኩ።

«ጃንጥላውም ጠፍቶ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ያኔ ሰብሳቢዋ ሁለት የማኅበር ሴቶች አስከትላ ገባች። ሳቁ ፀጥ አለ።

በመጀመሪያው ሥዕል ፊት ቆመች። ቁልፉን በጣቷ ላይ እያዞረች ነበር፤ መዞሩ ቆመ።

«ይኼ በቢጃማ የሚሮጠው ማነው?»

«የጠፋው ልጅ አባት ነው እትዬ» አለች ልጄ።

«በቢጃማ?»

«ልጁን ከሩቅ ሲያየው ልብስ የሚቀይርበት ጊዜ አላገኘም።»

ሰብሳቢዋ ወደ ቆሻሻ መኪናው አለፈች። መስታወቱ የጠቆረውን መኪና ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ባሏ እንደዚያ ያለ መኪና እንዳለው አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም።

«ይኼስ መኪና የማነው?»

«የማንም አይደለም፣ የአልፎ ሂያጅ ነው» አልኩ እኔ ተሽቀዳድሜ። «ታርጋ እንኳ የለውም፣ እይው እትዬ!»

ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ ሳቋን በሳል ሸፈነች። ሰብሳቢዋ ፊቷ ጠቆረ። ዘዴዬ ሁሉ በአፍንጫዬ ሥር ሲፈርስ እያየሁት ነበር። ቀጥላ ወደ አሥሩ ልጃገረዶች መጣች። እዚያ ግን ፊቷ ተፈታ። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ይቺ!» አለች ነጯን ፊት እያሳየች። «ይቺ ብርሃን የለበሰችው! መልአክ ናት አይደል? በጨለማው መሀል የቆመች መልአክ! ተመልከቱ፣ ይኼ ነው ሥዕል!»

ልጄ ወለሉን ታያለች። እኔ መሐረቦቼን እቆጥራለሁ።

ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞረች። «ስሚኝ እህቴ። ልጅሽ የተባረከ እጅ አላት። እነዚያን ቀልዶች ዛሬውኑ ታውርድ። እሷ ደግሞ እዚሁ ትቀመጥና ግድግዳዎቹን ሁሉ እንደዚች ባሉ መላእክት ትሸፍንልን። ቋሚ ሥራ ነው፤ ክፍል እንሰጣታለን፣ ቀለሙም በኛ። ከዚህ ሰፈር የሚያስወጣት ምን አለ?»

የለመንኩት ሁሉ እንዲህ በአንድ ሰሃን ቀረበልኝ። ልጄ ከቤቴ እስከ አዳራሹ በእግሯ እየሄደች፣ እኔ በመስኮት እያየኋት፣ ዕድሜ ልኳን መልአክ ስትሥል ታየችኝ። የሚጠበቅብኝ ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ማለት ደግሞ እችልበታለሁ፤ ስንት ቀን ስለ ሾርባና ስለ ቧንቧ ሳወራ ዝም ብዬ ነው የከረምኩት።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ መልሴን ነበር የምትጠብቀው። ከኋላዋ ሥዕሉ ላይ ያቺኛዋ ልጅ እጇን ዘርግታለች።

«መልአክ አይደለችም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ እትዬ። አምስቱም እኔ ነኝ፤ ይቺም አንዷ ናት። ሰው እንዳያውቀኝ አፍንጫዬን ልደብቅ ብዬ ፋቅኩት። የፋቁት የሚጠቁር መስሎኝ ነው።»

የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ጠጋ ብላ አየችና «እውነቷን ነው፣ ቦርሳዋ ያው ነው!» አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ መግለጽ አልችልም። ፖስተኛው ክራቫቱን እስኪፈታ ሳቀ። እኔ ራሴ ሳቅኩ፤ ደግሞ ያስለቅሰኝ ጀመር፣ መሐረቡን ሁሉ ስላደልኩት በእጅጌዬ ጠረግሁት።

ሰብሳቢዋ አልሳቀችም። «በምሳሌ ላይ ተቀለደ ማለት ነው?» አለች።

«አይ እትዬ» አልኩ፣ «የተቀለደው በኔ ነው።»

ፖስተኛው ዓይኑን እየጠረገ ወደ ሥዕሉ ቀረበ። «እናት፣ ከሥሩ የተጻፈ ነገር አለ። እስኪ እርስዎ ያንብቡልን።»

ጣቴን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አደረግሁ። ወረቀቱ ላይ ፊደሎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰዋል። አንድ በአንድ ያዝኳቸው፤ አንዷ ላይ ወደ ኋላ ተመልሼ እንደገና ተነሳሁ። ማንም አላጣደፈኝም።

«ለምን… አላካፈሉም» አልኩ።

«ጥያቄ ነው» አለ ፖስተኛው። «መጨረሻው ላይ ምልክት አለ።»

«አውቃለሁ። ተጠይቄበታለሁ።»

አሁን እጅ ታጠቢ የምላት አልነበረችም፤ ታጥባ ነበር የመጣችው።

«ፈርተው ነው» አልኩ። «ምሳሌው ራሱ ይናገረዋል፤ ለሁላችንም ባይበቃስ ብለው ነው። ክፉ ሆነው አይደለም። ቦርሳውን እንዲህ አጥብቀሽ ስታቅፊው ሌላ የምትዘረጊው እጅ አይተርፍሽም። አጠገብሽ ያለችውም ማን እንደሆነች ቀና ብለሽ አታያትም።»

ወደ ልጄ ዞርኩ። ሐረግ መርጬ፣ ምርቃት ጨምሬ ልናገር ነበር፤ የወጣው ግን አንድ ቃል ነው።

«ሂጂ» አልኳት።

«ወዴት?» አለች የዳቦ ቤቷ ሴትዮ።

«እማ?» አለች ልጄ።

«ሂጂ አልኩሽ። ያ ማሽን አለ ወዳልሽበት ሂጂ። ነገ መልስ ስጫቸው።» እዚህ ላይ ባበቃ ምንኛ ያማረ ነበር። «ሹራብ ግን ያዢ። ወፍራሙን ማለቴ ነው። ስትደርሺ ብርድ ቢሆንስ? ካልሲም…»

ልጄ መጥታ አቀፈችኝ፤ አፌ በትከሻዋ ተዘጋ፣ የካልሲው ነገር እዚያው ቀረ።

ሰብሳቢዋ ሥዕሎቹ በሙሉ እንዲወርዱ ተናግራ፣ ሁለቱን ሴቶች አስከትላ ወጣች። አንደኛዋ በሩ ላይ ዞር ብላ አባትየውን በቢጃማው አንድ ጊዜ አየችው። ሰብሳቢዋ በንዴት ቁልፉን ይዛው ስለሄደች የአዳራሹን በር የሚቆልፍ ሰው አልነበረም። ክፍት ሆኖ ዋለ። መንገደኛው ሳቅ እየሰማ ይገባ ጀመር፤ አንድ የቆሻሻ መኪና ሠራተኛ እስከነጓንቱ ገብቶ በሹፌሩ ሥዕል ፊት ቆመና «ጎማውን አሳምራዋለች» ብሎ ሄደ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሥዕሎቹን እኛው አወረድናቸው። ፊት የሌላትን ሴትዮ የጠቀለልኳት እኔ ነኝ።

የሻንጣው ነገር ጦርነት ነበር። እኔ አስገባለሁ፣ እሷ ታወጣለች። ሻማውን አወጣች፤ ክብሪቱን አወጣች፤ ደረቁን ዳቦ በልታ ጨረሰችው። ሳልነግራት ከሹራቡ ሥር የሸጎጥኩትን አንዱን ጃንጥላ ግን ስታገኘው፣ ዓየችኝና መልሳ አስቀመጠችው።

«አንቺስ በምን ትጠለያለሽ?»

«ሌላ አለኝ።»

«ያ ቢሰበርስ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሌላ ሰው ሲጠይቀው ሰምቼ አላውቅም ነበር። በጣም ሞኝ ጥያቄ ነው።

ሳህን ሳጥብ ማንኪያዬን አጣሁት። መሳቢያውን ገለበጥኩ፣ ከምድጃው ሥር አየሁ፣ መነጽሬንም ግንባሬ ላይ ዳሰስኩ። በኋላ ከሻንጣው ጎን ኪስ ጥቁር እጀታው ብቅ ብሎ ታየኝ። ማሽን አላቸው አልነበር? እዚያው ተውኩት። ሾርባ በሹካም ይማሰላል።

ጠዋት አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ቦርሳዋን አልፈተሽኩም፤ ከላይ ከላይ ብቻ ነካ ነካ አደረግሁት። አውቶቡሱ ወጣ። ልጄ ሄደች፤ የእንጨት ማንኪያዬና አንደኛው ጃንጥላ ከእሷ ጋር ሄዱ። ሁለተኛው ጃንጥላ፣ ኩሽናው ግድግዳ ላይ የሰቀልኳት ፊት የሌላት ሴትዮና እኔ ቀረን።